ከቅርብ የሚያይ ሰፊ ሌንስ፦ በትንሽ ገንዘብ የትኛውን እንግዛ?

የትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ አንድ የካነን ካሜራና አብሮት የመጣ አንድ ሌንስ አለው። ዘንድሮ ለአንድ ተጨማሪ ሌንስ የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ ሲገኝ «የቱን እንግዛ?» የሚለው ክርክር ተጀመረ። ከልጆቹ አብዛኞቹ የፈለጉት የሰው ፊት ጥርት አድርጎ ጀርባውን የሚያደበዝዘውን 50 ሚሊሜትር ነበር። የክበቡ አስተባባሪ እንደመሆኔ እኔ የደገፍኩት ሌላ ነው፤ ሰፊ የሚያይ፣ ዙም የሌለው፣ ርካሽና ወደሚነሳው ነገር በጣም መጠጋት የሚቻልበት ሌንስ። ዙም የማያደርግ፣ አንድ ስፋት ብቻ ያለው ሌንስ በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ፕራይም ይባላል። ለምን ይህን እንደመረጥኩ ላስረዳ፤ ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ሌንስ ለመግዛት ለሚያስቡም ይጠቅም ይሆናል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሌንሱ ዓይነት ሳይሆን የምናነሳው ነገር ነው። ክበባችን በየቤቱ እየዞረ የሚያነሳቸው የታወቁ ናቸው፦ ከአገር ቤት በጓዝ መካከል ተሸክፎ ጅቡቲ የደረሰ ጀበና፣ በእናት እጅ ላይ ያለ ያላለቀ ስፌት፣ የአባት የድሮ መታወቂያ። ጀበናውን ብቻ አስጠግተን ስናነሳው ከየትም ገበያ የተገዛ ጀበና ይመስላል። ራቅ ብለን ቤቱን ሁሉ ስናነሳ ደግሞ ጀበናው ጥግ ላይ የተቀመጠች ጥቁር ነጥብ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ጀበናው ከፊት ጎልቶ፣ ከኋላው ባለቤቲቱ፣ ረከቦቱና የቤቱ በር በአንድ ፎቶ ሲታዩ ነው። ይህ ደግሞ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። እዚህ ከተማ ያለው ማኅበረሰብ መንገደኛ ነው፤ ዘንድሮ ቡና ያፈላችልን እናት ለከርሞ ወደ አገር ቤት ተመልሳ ወይም ወደ ሌላ አገር ተሻግራ ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ የሚቀረን የተነሳው ፎቶ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰፊ ሌንስ ለዚህ ለምን ይመረጣል? ሁለት ሌንሶች ስኒውን በፎቶው ላይ እኩል አግዝፈው ሊያሳዩት ይችላሉ፤ ልዩነቱ ያለው ከስኒው ጀርባ ነው። ከስኒው 2 ሜትር ራቅ ብሎ ግድግዳ አለ እንበል። ስኒው በሁለቱም ላይ እኩል እንዲገዝፍ ተደርጎ ሲነሳ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ከግድግዳው በግምት አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያሳያል። 55 ሚሊሜትር ሲሆን የሚታየው 70 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ 100 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል። አንድ ሜትር ተኩል ማለት በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ከነበሩ ነው። 40 ሳንቲሜትር ማለት የነጠላዋ ጫፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ «ካሜራው ይዞት የመጣው 18-55 ዙም አይበቃንም ወይ?» ብሎ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። የካነኑ 18-55 ኤስ ቲ ኤም በ25 ሳንቲሜትር ርቀት ነገሩን እስከ 0.36 እጥፍ ያጎላል፤ በቁጥር ካየነው ልገዛው ካሰብኩት ሌንስ ይበልጣል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ዙሙ 55 ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ሰፊው ጫፍ ስንመልሰው ርቀቱ ያው 25 ሳንቲሜትር ሆኖ የማጉላት አቅሙ በብዙ ይወርዳል። ስለዚህ ወይ ጠባብና ጎላ ያለ፣ ወይ ሰፊና ያነሰ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጠንም።

እያንዳንዱ ሌንስ «ከዚህ በላይ ብትጠጋ አላይህም» የሚልበት ርቀት አለው። ይህ የቅርብ ፎከስ ርቀት በዝርዝር መግለጫው ላይ ይጻፋል፤ ገዢዎች ግን ዓይናቸው አፐርቸሩ ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ አያዩትም። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ መስታወት ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ነው። በብዙ ካሜራዎች አናት ላይ ክብና ክቡን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ መስመር ያለባት፣ «ቀ»ን በጎኗ ያስተኟት የምትመስል ምልክት አለች፤ የሴንሰሩን ቦታ የምትነግረን እሷ ናት። የካነን ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ኤስ ቲ ኤም የቅርብ ርቀቱ 16 ሳንቲሜትር ነው። ከዚህ ላይ ከሴንሰሩ እስከ ሌንሱ መግጠሚያ ያለውን 44 ሚሊሜትርና የሌንሱን ቁመት 23 ሚሊሜትር ያህል ስንቀንስ ከመስታወቱ እስከ ስኒው 9 ሳንቲሜትር ገደማ ይቀራል። የመዳፍ ስፋት ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የማጉላት መጠኑ ነው። የዚህ ሌንስ 0.27 ነው። በካነን ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ያለው ሴንሰር 22.3 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ 22.3ን ለ0.27 ስናካፍል 83 ይመጣል። ስለዚህ እስከ መጨረሻ ተጠግተን ስናነሳ ፎቶውን ከግራ ቀኝ የሚሞላው 8 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሰፋ ነገር ነው፤ አንድ የቡና ስኒ ከነዳርቻው፣ ወይም ወስፌ የያዙ ሁለት ጣቶች ከአለላው ጋር። ለጉንዳን ዓይን አይሆንም። ለኛ ሥራ ግን ልክ ነው።

ሱቅ ውስጥ መግለጫ ወረቀት የሌለው ያገለገለ ሌንስ ቢያጋጥማችሁ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ወደ እጅ ፎከስ ቀይሩት፣ ቀለበቱን እስከ ቅርቡ ጫፍ አዙሩት፤ ከዚያ ቀለበቱን ሳትነኩ ማስመሪያው ጥርት እስኪል ድረስ በሰውነታችሁ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ አንሡ። በፎቶው ላይ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ስንት ሚሊሜትር እንደታየ ቁጠሩና የሴንሰሩን ስፋት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። የማጉላት መጠኑ ወጣ ማለት ነው። ይህ ዘዴ በተለይ «ማክሮ» የሚል ቃል በትልቁ የታተመባቸውን ዙሞች ለመፈተን ጥሩ ነው፤ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከሥራው ይበልጣል።

ልጆቹ የፈለጉት የካነን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስ ቲ ኤም መጥፎ ሌንስ አይደለም፤ እንዲያውም ለገንዘቡ ከዚያ የተሻለ የፊት ፎቶ የሚያነሳ አላውቅም። ግን ቅርብ ርቀቱ 35 ሳንቲሜትር፣ ማጉላቱ 0.21 ሲሆን፣ በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ የሚያየው ጠባብ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ጀርባችን ግድግዳ ይነካል። የ1.8 አፐርቸሩም ቢሆን ከቅርብ ሲነሳ ያን ያህል አያገለግልም። የ24ቱን ሌንስ እስከ ጫፍ አስጠግተን በኤፍ 2.8 ብናነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 2 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ኤፍ 8 ላይ እንኳ ወደ 5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የቅርብ ፎቶ ስናነሳ አፐርቸሩን እናጠባለን እንጂ አንከፍትም፤ ለከፈተው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለዚህ ሥራ ትርፉ ትንሽ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ኢኤፍ-ኤስ 24 በ2014 ለገበያ ሲቀርብ 149 ዶላር ነበር፤ በጅቡቲ ፍራንክ 26 ሺህ 500 ገደማ ነው። ክብደቱ 125 ግራም ብቻ ስለሆነ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ኪስ ውስጥ ይገባል። ማወቅ ያለባችሁ ጉድለቶች አሉት። በኤፒኤስ-ሲ ላይ የሚያየው ስፋት በሙሉ ፍሬም ካሜራ 38 ሚሊሜትር እንደሚያየው ነው፤ ሰፊ ቢባልም እጅግ ሰፊ አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ መሣሪያ የለውም። በካነን ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች ላይ አይገጥምም፤ በአዲሶቹ መስታወት አልባ አርኤፍ ካሜራዎች ላይ የሚገጥመው በአዳፕተር ነው። ካነን ለዚሁ ዓይነት ካሜራ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮም በ2017 አውጥቷል፤ በራሱ ጫፍ ላይ ትንሽ መብራት ያለበት፣ ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ፣ አንድ ለአንድ የሚያነሳ ነው። ነፍሳትና ዘር ለሚያነሳ የባዮሎጂ ተማሪ እሱን እመክራለሁ። ለኛ ግን ከዋጋው ሌላ ስፋቱ ያንሰናል።

ኒኮን ያላችሁ ጥቂት ትቸገራላችሁ። ኒኮን ለባለ መስታወት ዲኤክስ ካሜራዎቹ ርካሽና ሰፊ ፕራይም ሳያወጣ ነው የቀረው። 40 ሚሊሜትር ማይክሮው ከቅርብ ያያል፣ ግን ሰፊ አይደለም። 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8ቱ ከ30 ሳንቲሜትር በታች አይጠጋም። እኔ የምፈልገው የፊልም ዘመኑን 28 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ኤአይ-ኤስ ነው፤ በእጅ ፎከስ የሚደረግ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚጠጋ፣ አሠራሩ ጠንካራ የሆነ ሌንስ። ስትገዙ ስሙን በደንብ አንብቡ፤ በመልክ የሚቀርበው የሴሪስ ኢ 28 ሚሊሜትር የሚጠጋው እስከ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ደግሞም እንደ ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታዮች ባሉ አነስተኛ ካሜራዎች ላይ ይህ አሮጌ ሌንስ ብርሃን አይለካም። አንድ ሁለት የሙከራ ፎቶ እያነሱ ማስተካከል ለትዕግሥተኛ ተማሪ ከባድ አይደለም፤ ለችኩል ግን አይሆንም።

መስታወት አልባ ካሜራ ላላቸው ምርጫው ሰፋ ይላል። ታምሮን ለሶኒ የሠራቸው 20፣ 24 እና 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሶች ሦስቱም ግማሽ መጠን ያህል ያጎላሉ፤ 20ው 11፣ 24ቱ 12፣ 35ቱ 15 ሳንቲሜትር ድረስ ይጠጋል። የካነን አርኤፍ 16 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 እስከ 13 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ 0.26 ያጎላል። አርኤፍ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ማክሮ ከነዚህ ሁሉ የሚያስጎመጅ ነው፤ ሲወጣ 599 ዶላር ስለነበር ርካሽ ብዬ አልጠራውም።

ስልክስ? ከ2021 የአይፎን 13 ፕሮ ወዲህ ሰፊ ሌንሳቸው እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ስልኮች አሉ። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ቤተሰብ ለልጁ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት በሱ ይሞክር። ስልክ የሌላቸው ልጆች ግን የክበቡን ካሜራ ነው የሚጠብቁት።

ሌንስ ሳይገዙ በርካሽ መጠጋት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ በሰፊ ሌንስ ግን አይሳካም። ከፊት የሚጠለቁት የማጉያ መስታወቶች በ24 ሚሊሜትር ላይ ለውጣቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ 12 ሚሊሜትር ቱቦ በ24 ላይ ስናክል ማጉላቱ በግማሽ እጥፍ ይጨምርና ስኒው መስታወቱን ሊነካ ይደርሳል።

ሌንሱን የሚይዙ ልጆች ሁለት ነገር ይልመዱ። የሰው ፊት በዚህ ሌንስ ከ20 ሳንቲሜትር አይነሳም፤ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይጠፋል፣ እናቶችም ይቀየማሉ። ፊት ለማንሳት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፤ የምትጠጉት ወደ እጅና ወደ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ 9 ሳንቲሜትር ላይ ስትደርሱ የራሳችሁና የሌንሱ ጥላ ስኒው ላይ ያርፋል። ፍላሽ አትክፈቱ፤ መስኮቱ በጎን እንዲሆን ስኒውን አዙሩት። ወደ አሳል ሐይቅ ስንሄድም እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው በዚያ ሥፍራ የጨው ፍሬዎቹን ከፊት፣ ሐይቁንና ተራራውን ከኋላ አድርጎ ለማንሳት ጧት ወይም ማታ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ይሻላል። ጨው የነካውን ሌንስ በደረቁ አትጥረጉ፤ መጀመሪያ ንፉት፣ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የሁለቱንም ጫፍ ክዳን አንሥታችሁ የስልክ መብራት ከኋላው እያበራችሁ ውስጡን እዩ። በእርጥበታማ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሌንስ ይሻግታል፤ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ቀጫጭን ክሮች ሆኖ ይታያል። ትንሽ አቧራ ፎቶ አያበላሽም፤ ሻጋታ ካያችሁ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። የኛንም ከዚህ ለመጠበቅ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥንና እርጥበት የሚመጡ የሲሊካ ከረጢቶች ይበቃሉ። ቤት ውስጥ በአየር ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ካሜራ ወደ ውጭው ሙቀት ድንገት ሲወጣ መስታወቱ ላብ ያወጣል፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩትና ከረጢቱን ያን ጊዜ ክፈቱት።