የአባቴ ሰንጢ አዲስ ብረት

ዱከም የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተሰቀለ ሥጋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች፣ ብዙው መኪና በፍጥነት መንገዱ ማለፍ ከጀመረ ወዲህም ሰው አያጡም። ቁርጥ የሚወድ ሁሉ ስለ ሥጋው ያወራል። ስለ ቢላዋው የሚያነሳ የለም። ሲደነዝ ብቻ «ወንድሜ፣ ይቺ ቢላ አትቆርጥም፣ ቀይርልኝ» ይባልና ሌላ ይመጣል። የደነዘው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም።

እኔ የጠየቅሁት ቸግሮኝ ነው። አባቴ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ትቶልኝ ከሄደው ዕቃ ውስጥ አንዱ ታጣፊ ቢላዋ፣ እኛ ሰንጢ የምንለው ነው። ሸራ ሲያስር ገመድ የቆረጠበት፣ መንገድ ላይ ብርቱካን የላጠበት፣ ሥጋ የበላበት ነው። በመሳል ብዛት ብረቱ ሳስቶ ወርዱ ግማሽ ያህል ቀርቷል። ሲታጠፍ ጫፉ ከእጀታው ብቅ ብሎ ኪስ ይቀዳል። እጀታው ግን ዛሬም ጠንካራ ነው። ታዲያ ብረቱን ብቻ ማስቀየር አይቻልም ወይ?

ይቻላል። ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ይህን ያወቅሁት በጣቴ ነው። መጀመሪያ የሰጠሁት ባለሙያ በግራይንደር አዲስ ብረት ቆርጦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጥሞ ሰጠኝ። ስከፍተው «ቀጭ» ይላል፣ ደስ ይላል። ቤት ገብቼ እንጨት ልወጋ ስገፋው ግን ቁልፉ ለቀቀና ስለቱ በሌባ ጣቴ ላይ ተከደነ። ሦስት ስፌት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት ሰንጢ ቁልፍ ያለው በጀርባው በኩል ነው። በእጀታው ጀርባ የተኛ አንድ ረጅም ብረት አለ፤ መሃሉ ላይ በሚስማር ተይዞ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። ከኋላ ሞላ ይገፋዋል፣ ከፊት ያለው ጥርሱ ደግሞ ቢላዋው ሲዘረጋ በብረቱ ሥር ላይ ወደተቆፈረችው ጎድጓዳ ይገባል። ለማጠፍ ጀርባውን ወደ ኋላ በኩል ሲጫኑት ጥርሱ ይነሳና ብረቱ ይለቀቃል። እንግዲህ ሙሉ ደኅንነቱ ያረፈው በዚያች ጥርስና በዚያች ጎድጓዳ መገጣጠም ላይ ነው። ትንሽ ክፍተት ካለ ድምፁ ይሰማል፣ ቁልፉ ግን አይይዝም።

ይህ አሠራር ጥንታዊ ቢሆንም በዓለም ገበያ ስሙን ያስጠራው የአሜሪካው ባክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ ያወጣው 110 የተባለው የአዳኞች ሰንጢ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ቀድተውታል። የብረት መቀየርን ጣጣ ከሥሩ የነቀለው ሌላ ሰው ነው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ እ.ኤ.አ. በ1956 ስለቱ ሲደነዝ ጫፉ ተሰብሮ የሚጣለውን፣ ዛሬ ካተር የምንለውን ፈለሰፈ። ሐሳቡ የመጣለት ጫማ ሠሪዎች በተሰበረ ጠርሙስ ሲቆርጡ አይቶና እንደ ቸኮሌት በመስመር የሚሰበር ነገር አስቦ ነው ይባላል። ካተር ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአባት ለልጅ አይተላለፍም።

ሁለተኛውን ባለሙያ ያገኘሁት ዱከም ላይ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ነው። የሥጋ ቤቶቹን ቢላዋ የሚሠሩት፣ ለአድአ ገበሬ ደግሞ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡት ሽማግሌ ናቸው። ሰንጢውን ከፍተው ዘጉት፣ ወደ ጎንም ነቀነቁት። ከዚያ የታሰረ ጣቴን አዩና «ብረቱ አይደለም የበደለህ ልጄ፣ ሥሩ ነው» አሉኝ።

ሰንጢውን በቆዳ ጠቅልለው ሞርሳ ላይ አሰሩት። የሚስማሩን ራስ በሞረድ በልተው በቀጭን ብረት ገፍተው አወጡት። አዲሱን ብረት የቆረጡት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ አግለው ቀጥቅጠው እስከ አሮጌው ውፍረት አሳሱት። መጀመሪያ የሚስማሩን ቀዳዳ በሱ፤ ቀዳዳው ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ይሳሳታልና። ጎድጓዳዋን ግን ሆን ብለው አጠበቧት። ከዚያ የቁልፉን ጥርስ ጥላሸት ቀብተው ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፤ ጥላሸቱ የነካበትን ብቻ በሞረድ ይልሱታል። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት መቁጠር አቃተኝ።

ይህ ሁሉ ብረቱ ሳይጠነክር ነው፤ ከጠነከረ ሞረድ አይበላውም። በመጨረሻ እሳት ውስጥ ከተቱት። ማግኔት መሳብ ሲያቆም፣ ማለትም ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ጥቂት ጨምረው ዘይት ውስጥ ነከሩት። እንዲህ የወጣ ብረት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ወልውለው እንደገና በቀስታ አሞቁት፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ያኔ ይበቃዋል። ሲገጥሙት በብረቱና በእጀታው መካከል ዘይት የነካ ወረቀት አስገብተው ሚስማሩን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። ወረቀቱ ሲወጣ የቀረችው ክፍተት ብረቱ ሳይጠብቅም ሳይላላም እንዲንቀሳቀስ ታደርጋለች።

«አሁን ልያዘው?» አልኳቸው።

«ቆይ እንጂ!» አሉና እጀታውን ሞርሳ ላይ አስረው የብረቱን ጀርባ በእንጨት ደጋግመው መቱት። አልታጠፈም። ከዚያ በኋላ ነው የሰጡኝ።

ሥራቸው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ወሰደ። የጠየቁኝ ዋጋ አዲስ ሰንጢ ከሚገዛበት ብዙም አይበልጥም። ጨምሬ ስሰጣቸው አልተቃወሙም። ሥራውን የሚማር ልጅ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የላቸውም። ልጆቻቸው እዚያው ከተማ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። «ደመወዝ አለው፣ ስድብም የለበትም» አሉኝ።

ስድብ ያሉት ይገባናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረትም ሆነ ሸማ የሚሠራውን ሠራተኛ በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ባለሙያ የሚባለው ሰው በእጁ ያለውን ጥበብ ለልጁ ማውረስ የሚያፍርበት አገር ነው ያለን። ሰንጢ ከአባት ለልጅ እየተላለፈ ሠሪው ግን ወራሽ ማጣቱ አይገርምም?

እርስዎም የሚያስጠግኑት ሰንጢ ካለዎት ጥቂት ነገር ይያዙ። መጀመሪያ ያለቀው ብረቱ ነው ወይስ ቁልፉ የሚለውን ይለዩ፤ ጥርሱ ወይም ሞላው ካለቀ ብረት ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። አሮጌውን ብረት አይጣሉ፣ ለአዲሱ መለኪያው እሱ ነው። ተሠርቶ ሲመጣም ጣትዎን ከማስገባትዎ በፊት ሞርሳ ላይ ይፈትኑት። «ቀጭ» ማለቱን ብቻ አይመኑ።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለስኩ። አስተናጋጁ ቢላዋ ሊያመጣልኝ ሲል «ይዣለሁ» አልኩት። አሮጌው ብረት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር። አዲሱም አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ የሚቀይረው ሰው ከተገኘ እሱን ለልጄ አሳየዋለሁ።