ስለ ታዳጊዎች አካዳሚ ጥቂት ማብራሪያ

በአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የታዳጊዎች አካዳሚ ያዘጋጃሉ፤ ብዙውን ጊዜም በትምህርት ዕረፍት ወራት ነው። እንደየጽሕፈት ቤቱ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ተማሪዎቹ ከወንጀል ስፍራ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የኮምፒዩተር ወንጀልና ሙስና እንዴት እንደሚመረመሩ ከባለሙያዎቹ አንደበት ይሰማሉ፤ በተግባር ሲሠራም ያያሉ።

ውድ ወላጆች ሆይ! የፖሊስ ስም ሲነሣ ልባችሁ ቢሰጋ አንፈርድባችሁም። ነገር ግን መሳተፍ መቀጠር አይደለም። ልዩ መርማሪ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ 23 ዓመት ዕድሜ ያስፈልጋል። የ16 ዓመት ልጅ እንግዲህ የሚያስብበት 7 ዓመት አለው። በእኛ አስተያየት ክብደት ያለው ሌላ ነው፦ አመልካቹ ያለፈ ኑሮው ይጠናል፣ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያም ይፈተናል፤ አደንዛዥ ዕፅ መጠቀም በሩን ሊዘጋበት ይችላል።