የሞሪትዝ ካፖሲ ጽሑፎች በምን ይመዘኑ?

የአንድ የሕክምና ተመራማሪ የሥራ ዝርዝር ሲቀርብልን ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ? በቆዳ በሽታና በካንሰር ላይ የጻፈው የቪየናው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ ግን ሌላ መለኪያ እንድንፈልግ ያስገድደናል። ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1837 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሃንጋሪ ካፖሽቫር ከተማ ሞሪትዝ ኮን ተብሎ ተወለደ፤ ኋላ የታወቀበትን ስም የወሰደውም ከዚችው ከተማ ነው። በቪየና ሕክምና ተምሮ፣ በዘመኑ ታላቅ ከነበረው የቆዳ ሐኪም ከፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ሥር ሠራ፤ የሄብራን ልጅ ማርታንም አገባ። ሄብራ ከሞተ በኋላ ክሊኒኩን ተረከበ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1902 ድረስም፣ በጠቅላላው ከ100 በላይ ጽሑፎችና መጻሕፍት አሳትሟል። ዛሬም የሚያስነሱት ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

ጥቂቶቹን የሚያስተሳስራቸው አንድ ልማድ አለ፤ ካፖሲ ቆዳ ላይ ያየውን እዚያው አይተወውም፣ ወደ ሰውነት ውስጥ ይከተለዋል። በ1872 አምስት ወንዶች ላይ ያየውን፣ እግርና እጅ ላይ ጀምሮ የሚዛመት ጠቆር ያለ እብጠት በዝርዝር ጻፈ፤ በአስከሬን ምርመራም በሽታው ሳንባና አንጀት ድረስ እንደሚዘልቅ አሳየ። ይህ ካንሰር ዛሬ ካፖሲ ሳርኮማ ይባላል። ሉፐስ የቆዳ ሕመም ብቻ ሳይሆን ከትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር መላ አካልን እንደሚያጠቃ የጻፈውም በዚያው ዓመት ነው። በ1870ዎቹ ከሄብራ ጋር ባዘጋጁት መጽሐፍም፣ ቆዳን እንደ ብራና የሚያደርቅና በነጠብጣብ የሚሞላ ብርቅ በሽታ ገልጾ ነበር፤ ኋላ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም ተብሏል።

የእነዚህ ጽሑፎች ዋጋ በጉልህ የታየው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1968 ተመራማሪው ጄምስ ክሊቨር የዜሮደርማ ሕሙማን ሕዋሳት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያበላሸውን ዲኤንኤ መጠገን እንደሚሳናቸው አረጋገጠ፤ የቆዳ ካንሰር ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት ትልቅ በር ተከፈተ። በ1981 ደግሞ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ 26 ወንዶች ካፖሲ ሳርኮማ እንደያዛቸው ተዘገበ። ሐኪሞቹን ያስደነገጠው የሕሙማኑ ወጣትነት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ በሽታው የሚታወቀው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሲይዝ ነበርና። የተለመደው መልክ አስቀድሞ በጥንቃቄ ባይጻፍ ኖሮ፣ ኤድስን ካሳወቁት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሳይስተዋል ሊያልፍ ይችል ነበር።

ካፖሲ ስለ ሳርኮማው መንስኤ ተሳስቷል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ በ1994 ተመራማሪዎቹ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ከበሽታው ጀርባ የሄርፒስ ዘር የሆነ ቫይረስ መኖሩን አሳይተዋል፣ እሱ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሆኖም ያየውንና ያየው ነገር ምን ይሆናል ብሎ የገመተውን ስላልደባለቀ፣ ግምቱ ሲወድቅ ምስክርነቱ አልወደቀም። አምስት ሕሙማን ያንሳሉ የሚልም ይኖራል። በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ወይም የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ለመወሰን በእርግጥ ያንሳሉ፤ አዲስ በሽታ መኖሩን ለማስታወቅ ግን በቅጡ የተመረመሩ አምስት ሰዎች ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ቁጥር ቢያንስ አያዳላም፣ ጥራት እንመዝን ካልን ግን ለዝምድናና ለዝና በር እንከፍታለን፣ ካፖሲ ራሱ የአለቃው አማች አልነበረምን? ሥጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክሊቨርም ሆኑ ቻንግና ሙር ለካፖሲ ውለታ የነበረባቸው ሰዎች አይደሉም፤ ሥራው የተፈተነው በማያውቁት ሰዎች እጅ ነው። ከአድሎ የሚጠብቀን እንዲህ ያለው ነፃ ፍተሻ ነው፤ ቆጠራማ ያልተፈተነውንም ከተፈተነው እኩል ይደምራል።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። ካፖሲ ሳርኮማ በአፍሪካ ከኤችአይቪ ጋር ከሚያያዙት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይም ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ሳይሆን ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ የተማረ ዓይን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ በራሱ ሕሙማን ላይ ያየውን በትክክል የሚጽፍ የአገራችን ሐኪም፣ ጽሑፎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ ጊዜና ድጋፍ ሊሰጠው ይገባል። የሥራ ዝርዝሩን ስናነብም፣ ስንት ጻፈ ከማለታችን በፊት፣ ሌላው መርምሮ ሊያርመውና ሊገነባበት የሚችል ምን ጻፈ ብለን እንጠይቅ።