በእህሉ ውስጥ ያደረ መርዝ

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የሚውለው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጤፉም፣ ገብሱም፣ ስንዴውም በአህያና በበቅሎ ተጭኖ እዚያ ይራገፋል። ገበያው ወደ መርካቶ ከሄደ ቆይቷል። እህል ገዝቶ ሳይለቅሙ ማስፈጨት ግን ያኔም ዛሬም ባለሙያ ሴት የምታደርገው አይደለም። በሰፌድ ይበጠራል፣ ይንገዋለላል፣ ከዚያ በእጅ ይለቀማል። የሚወጣው ጠጠርና ገለባ ብቻ አይደለም፤ እንክርዳድም አለ።

እንክርዳድ በስንዴና በገብስ መሀል የሚበቅል ሣር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሰዎች ተኝተው ሳሉ ጠላት በስንዴው መካከል የዘራው ይህንኑ ነው። ዱቄት ውስጥ በርከት ብሎ ከገባ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስመልሳል፤ የበላው ሰው ጠጅ ሳይቀምስ ይንገዳገዳል። ገበሬው ይህን ከጥንት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ፍሬውን ሰንጥቀው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከልባሱ ሥር ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ተነጥፈው አገኙ።

ይህ ፈንገስ ከውጭ አይታይም፣ ሣሩንም አያሳምምም። ዘሩ ሲበቅል አብሮ ወደ ቡቃያው ይወጣል፤ ሣሩ ሲያፈራ ተመልሶ አዲሱ ዘር ውስጥ ይገባል። እንዲህ እያለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ በምላሹም ሣሩን የሚበሉ ነፍሳትን የሚጎዱ ኬሚካሎች ይሠራለታል።

የዚሁ ፈንገስ ዘመዶች በሌላም አገር ብዙ ጥፋት አድርሰዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ለገበሬዎች የቀረበ ኬንታኪ 31 የተባለ የግጦሽ ሣር በሰፊው ተዘራ። ከብቶቹ ግን ከሱ፤ የአንዳንዶቹም ሰኮናና ጅራት እየሞተ ወደቀ። ምክንያቱ በሣሩ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

የእኛን አገር ሰው እግር ያሳጣው መርዝም ከዚሁ ወገን ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ፣ ላስታ ውስጥ የገብሱን ማሳ ሲናር ወረረው። ሲናሩን ደግሞ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ይዞት ነበር። ኤርጎት በአበባው በኩል ገብቶ ፍሬው ሊያድግበት በሚገባው ቦታ ራሱ ያድጋል። በመጨረሻ ከዛላው ወጣ ብሎ የሚታየው ነገር ፍሬ ሳይሆን የአይጥ ኩስ የመሰለ ጠቆር ያለ ጓል ነው። በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥሮችን ያጠባል። እግር መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ይጠቁርና ይደርቃል። ከ140 ያህል ታማሚዎች ከሦስቱ አንዱ ሞተ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ።

ሳይለቅሙ መብላታቸው ለምን ነበር ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። ጎተራው የጎደለበት ቤት ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ እህል አንስቶ ለመጣል አቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 አርሲ ውስጥ በኤርጎት በተበከለ ገብስ ሳቢያ ያው በሽታ እንደገና ታየ።

እንክርዳድንም ኤርጎትንም የለመደች እጅ ለቅማ ታወጣቸዋለች። አፍላቶክሲን ግን ከዚህ ያመልጣል። ይህን መርዝ የሚሠራው ሻጋታ በቆሎን፣ ለውዝን፣ ኑግን ማሳ ላይም መጋዘን ውስጥም ይይዛል፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል። ላም የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታና ከደብረ ዘይት በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ በተደረገ ጥናት መርዙ ያልተገኘበት ናሙና አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ።

ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀምጦ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው ወተቱ ፈልቷልና ምንም የለበትም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ አፍላቶክሲንን ግን አያጠፋም። ስለዚህ መከላከሉ የሚጀምረው ከላሟ ግርግም ነው። በዚያው ጥናት ከፍተኛው ብክለት የተገኘው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነው፤ ፋጉሎ ባልተቀላቀለበት የስንዴ ፉርሽካ ላይ ግን መርዙ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ኑጉ ከመጨመቁ በፊት በደንብ ከደረቀ፣ ፋጉሎውም እርጥበት በማይደርስበት መጋዘን ከተቀመጠ ሻጋታው የሚስፋፋበትን እርጥበት ያጣል።