ግድግዳው መስታወት የሆነ ጸሎት ቤት

የጎቲክ ሕንፃ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ኖትር ዳም ያሉትን ግዙፍ ካቴድራሎች ነው። የዚህን ጥበብ ጫፍ ማየት የፈለገ ግን ወደ ትንንሾቹ የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤቶች ጎራ ማለት አለበት ባይ ነኝ። ከእነሱ ቀዳሚው ፓሪስ ውስጥ በሲቴ ደሴት ላይ ያለው ሳንት ሻፔል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጎቲክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው አበምኔት ሱዤር በ1144 ያስመረቀው የሳን ዴኒ ገዳም መቅደስ ነው። ሹል ቅስት የጣሪያውን ጭነት ወደ ተመረጡ ምሰሶዎች ስለሚወስደው ግድግዳው ለመስኮት ይለቀቃል። ካቴድራሎች ግን ግራና ቀኝ ዝቅ ያሉ ክንፎች ስላሏቸው፣ ከፍ ያለውን መካከለኛ ክፍል የሚደግፉት ከውጭ በአየር ላይ በተዘረጉ ቅስቶች ነው። ትንሹ ጸሎት ቤት ግን ክንፍ ስለሌለው ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው።

ሳንት ሻፔልን ያሠራው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ነው። የክርስቶስ የእሾህ አክሊል እንደሆነ የሚታመነውን ቅርስ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ባልድዊን 2ኛ ለቬኒስ ነጋዴዎች አስይዞት ነበር፤ ሉዊ 135,000 ሊቭር (የያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ) ከፍሎ ወሰደው። አክሊሉ በ1239 ፓሪስ ሲገባ ንጉሡ ጫማውን አውልቆ፣ በተራ ቀሚስ ሆኖ ተሸከመው። ማኖሪያው ሕንፃ የፈጀው 40,000 ሊቭር ገደማ ነው። በሚያዝያ 1248 ተመረቀ።

ሕንፃው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ለቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች፣ ላይኛው ለንጉሡና ለአክሊሉ ነበር። ታች ጣሪያው ከሰባት ሜትር አይዘልም፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን የግንብ ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። አሥራ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ 15 መስኮቶች ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ 1,113 ትዕይንቶችን ይተርካሉ። የመጨረሻው ደግሞ የአክሊሉን ወደ ፓሪስ መምጣት ያሳያል። ሕንፃውን የያዙት ወደ ውጭ የወጡ ወፍራም የድንጋይ ድጋፎች ናቸው፤ ግንበኞቹ በዚህ ላይ ዙሪያውን በብረት አስረውታል። ብረቱ መስኮቶቹን አቋርጦ ስለሚያልፍ መስታወቱን የያዘ ዘንግ ይመስላል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ዋናው ማሰሪያ ዓይን ፊት ተቀምጦ አይታወቅም።

አርአያነቱ ሩቅ ሄዷል። ፓሪስ አጠገብ ባለችው ቫንሴን የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 5ኛ በ1379 ተመሳሳይ ጸሎት ቤት አስጀመረ። በለንደን ዌስትሚንስተር፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1292 ያስጀመረው ባለ ሁለት ፎቁ የቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት ቤት ኋላ የእንግሊዝ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት መሰብሰቢያ ሆነ፤ በ1834 ተቃጠለ። በስኮትላንድ መኳንንቱ ዊልያም ሲንክሌር በ1446 ያስጀመረው የሮዝሊን ጸሎት ቤት ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ድምቀቱ ድንጋዩ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተቀረጸው ሐረግ እንጂ መስታወት አይደለም።

በፈረንሳይ አብዮት ሳንት ሻፔል ተዘረፈ፤ አክሊሉ ከጥፋቱ ተርፎ ኋላ ወደ ኖትር ዳም ተዛወረ። ሕንፃው የመዝገብ ማከማቻ ሲሆን፣ ለመደርደሪያ ቦታ ተብሎ የመስኮቶቹ የታችኛው ክፍል ተነቀለ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ የሕንፃ ባለሙያዎቹ ዱባን፣ ላሱስና ቪዮሌ ለ ዱክ አደሱት። ከዛሬዎቹ መስታወቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በ2015 በተጠናቀቀው እድሳት መስታወቱ በሌዘር ጸድቶ፣ ከዝናብና ከአየር ብክለት የሚከልለው ሌላ መስታወት ከውጭ ተገጥሞለታል።