አዬዮ ቴሌቪዥናቸውን ራሳቸው እንዲከፍቱ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው አይሻ ሞቃት፣ ደረቅና ነፋሻማ ናት። እስቲ በዚህች ከተማ የሚኖሩ፣ የልጅ ልጆቻቸው በሶማሊኛ «አዬዮ» እያሉ የሚጠሯቸውን አንዲት አያት በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ልጃቸው ከሩቅ ሀገር ዘመናዊ ቴሌቪዥንና መቀበያ ልኮላቸዋል። ይሁን እንጂ የልጅ ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት በሄደ ቁጥር ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይውላል፤ አዬዮም ዜና ለመስማት የሕፃኑን መመለስ ይጠብቃሉ። መሣሪያው ሳይበላሽ ባለቤቲቱ ግን መሣሪያ አልባ ሆነዋል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአረጋውያን የሚመች የቴሌቪዥን መቀበያ እንዴት እንደሚመረጥ ከሳይንስ አንጻር ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ከኢንተርኔት ወይስ ከሳተላይት?

በቴሌቪዥኑ ጀርባ እየተሰኩ ፊልምና ዜና ከኢንተርኔት የሚያመጡ ትናንሽ መሣሪያዎች ዛሬ በብዛት ይገኛሉ። ከመግዛታችን በፊት ግን ጥቂት ስሌት እንሥራ። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚወስድ መጠነኛ ጥራት ያለው ምስል በአንድ ሰዓት 900 ሜጋ ባይት ይፈጃል። አዬዮ በቀን 3 ሰዓት ቢመለከቱ በ30 ቀን 81 ጊጋ ባይት ይሆናል። መስመሩ ሲዳከም ምስሉ ይቆማል፤ ጥቅሉ ሲያልቅም ሌላ ሰው መጥራት ግድ ይላል። በአንጻሩ ነፃ የሳተላይት ስርጭት ለአንድ ተመልካችም ሆነ ለሚሊዮን እኩል ይደርሳል፤ ወርኃዊ ክፍያም የለውም። ስለዚህ አስተማማኝ የቤት ውስጥ ኢንተርኔት ከሌለ ለአረጋውያን ቀዳሚው ምርጫ ዲሽና ሪሲቨር ነው።

ዲሹ ወዴት ይመልከት?

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተሰኘው የሳተላይት መድረክ ከተመሠረተ ወዲህ ብዙዎቹ የሀገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ተዛውረዋል። ይህ ለአይሻ ምን ማለት እንደሆነ በጂኦሜትሪ ብናሰላ፣ የናይልሳት ዲሽ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ለኢትዮሳት ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 69 ዲግሪ ገደማ ቀና ማለት አለበት። ሳተላይቱ የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በመሆኑ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ሁለት ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ስርጭቱ ሊቋረጥ ይችላል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለባት በአይሻ ደግሞ ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም። ብሎኖቹን በሚገባ ማጥበቅና ትክክለኛውን አቅጣጫ በቀለም ምልክት ማድረግ ለአዬዮ ውድ ሪሲቨር ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

እጅ፣ ዓይንና ጆሮ

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ የመለጠጥ ችሎታው ይቀንሳል፤ የብሌን ቀዳዳም ይጠብባል። በ60 ዓመት ዕድሜ ወደ ዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም በሪሞት ኮንትሮሉ ላይ የታተሙ ደቃቅ ጽሑፎች ለአዬዮ እንደሌሉ ይቆጠራሉ፤ በጣት የሚዳሰሱና እርስ በርስ የተራራቁ ቁልፎች ግን አሉ። በብዙ ሪሞቶች «5» ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ ነቁጥም ለዚሁ የተቀመጠች የጣት ምልክት ናት። ጆሮም ቢሆን አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ንግግርን አጉልቶ የሚያሰማ የድምፅ ማስተካከያ ያለው ቴሌቪዥን ይመረጣል።

ሪሞቱ ትእዛዙን የሚልከው በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ በብዛት ስላለው፣ ሪሲቨሩ ክፍት በር ትይዩ ከተቀመጠ ትእዛዙን ላያነብ ይችላል። አዬዮ በዚህ ጊዜ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብለው ሪሞቱን ያስቀምጡታል። መፍትሔው ግን ሪሲቨሩን ወደ ጥላ ማዞር ነበር።

ከሁሉም በላይ የእርምጃዎችን ቁጥር እንቀንስ። ሁለት ሪሞት ካለ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን አብሮ የሚከፍት አንድ ሪሞት ይፈለግ። ሪሲቨሩ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደነበረበት ጣቢያ የሚመለስ ይሁን። ከመቶ ከሚበልጡት ጣቢያዎች መካከል አዬዮ የሚሰሙት ቋንቋ የሚነገርባቸው አምስት ወይም ስድስት ተመርጠው ከ1 ጀምሮ ይደርደሩ። አንድን ተግባር ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ስንፈጽመው እንቅስቃሴው በእጅ ልማድ ይቀረጻል፤ ይህ የትውስታ ዓይነት አዲስ ስምና ቁጥር ከመያዝ ይልቅ እርጅናን የሚቋቋም ነው። በመሆኑም አንዴ የለመዱትን ቅደም ተከተል ያለ በቂ ምክንያት አንለውጥባቸው።

ፈተናው

ዕቃው ሲገዛ ሻጩ ሳይሆን አዛውንቱ ይሞክሩት። እኛ እጃችንን አጣምረን ከጎን እንቀመጥ፤ እርሳቸው ይክፈቱ፣ ጣቢያ ይለውጡ፣ ድምፅ ይጨምሩ፣ ይዝጉ። ሪሞቱን ከእጃቸው ነጥቀን «እንዲህ ነው» ማለት ለእኛ ይቀላል፤ እርሳቸው ግን ምንም አይማሩበትም። በማግሥቱ ያለ እርዳታ ከደገሙት ምርጫው ትክክል ነው፤ ካልሆነላቸው ጥፋቱን በእርሳቸው ዕድሜ ሳይሆን በመሣሪያው እንፈልግ።

ያን ጊዜ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቴሌቪዥን ከፋች መሆኑ ይቀርለታል፤ የቀኑንም ዜና ከአዬዮ ይሰማል።