ሥዕልን ከመፋቅ ያዳነው በረሃ

ሥዕል ለብዙ የዛሬ ሰው የግድግዳ ጌጥ ነው። በስምንተኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ መንግሥት ግን ፓትርያርክን ከመንበሩ የሚያወርድ፥ መነኩሴን ለግርፋትና ለስደት የሚዳርግ ብርቱ ነገር ሆኖ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ የክርስቶስንና የቅዱሳንን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ይማር ነበር። በየቤቱም ሥዕል ነበረ፤ የታመመ ይለምንበታል፥ መንገደኛም ይማፀንበታል። ይሁን እንጂ ዐረቦች ሶርያንና ግብፅን ከወሰዱ በኋላ፥ ይህ መከራ የመጣው ሥዕልን እንደ ጣዖት በማምለካችን ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ።

ንጉሠ ነገሥት ሊዮን ሣልሳዊ በ730 ሥዕል እንዲነሣ አዘዘ። ፓትርያርክ ጌርማኖስም ትእዛዙን አልቀበልም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የሊዮን ልጅ ቆስጠንጢኖስ አምስተኛ ደግሞ በ754 በሄርያ 338 ኤጲስ ቆጶሳትን ሰብስቦ ሥዕልን አስወገዘ። የግድግዳው ሥዕል ተፋቀ፤ በአንዳንዱ ቦታም በፋንታው መስቀል ብቻ ተሣለ።

ለሥዕል አጥብቆ የተሟገተው ቅዱስ ዮሐንስ ዘደማስቆ ነው። እግዚአብሔር ሥጋ ለብሶ በዓይን ከታየ፥ የታየውን መሣል አይከለከልም፤ ክብሩም ለእንጨቱና ለቀለሙ ሳይሆን ለተሣለው ነው ሲል አስረዳ። የሚያስደንቀው ግን ይህ መነኩሴ በእስላሙ ከሊፋ ግዛት ይኖር ስለ ነበረ፥ የክርስቲያኑ ንጉሥ እጅ ሊደርስበት አለመቻሉ ነው።

በደብረ ሲና የሆነውም እንዲሁ ነው። ዩስቲንያኖስ በስድስተኛው መቶ ዓመት ያሠራው የቅድስት ካትሪን ገዳም ከቁስጥንጥንያ ሥልጣን ውጭ ስለ ነበረ፥ ቀለም ከንብ ሰም ጋር ተዋሕዶ የተሣለው የክርስቶስ ሥዕል እስከ ዛሬ ሳይፋቅ ቆይቷል። በመናገሻው ከተማ ግን ከዚያ ዘመን የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ክርክሩን የፈቱት ሁለት ንግሥታት ናቸው። ኢሬኔ በ787 በኒቅያ ጉባኤ ሥዕልን አስመለሰች፤ በ815 ዳግመኛ ቢከለከልም ቴዎዶራ በ843 ፈጽማ አጸናችው። የግሪክና የሌሎችም የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ቀን እስከ ዛሬ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ያከብሩታል።

እንግዲህ ኃይለኛው መንግሥት በገዛ ከተማው ያጠፋውን ቅርስ፥ በበረሃ የነበሩ ጥቂት መነኮሳት ጠብቀው አቆዩት። የዚያ ዘመን ክርስቲያን በምን ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልይ እንደ ነበር ለማየት የሚሻ ሊቅ ሁሉ ዛሬ ወደ ሲና የሚሄደው ስለዚህ ነው።